ወደ ኮቤ የሄደው ጆንያ

ንፋስ ስልክ፣ ጎፋ
መስከረም 28 ቀን 1987 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ለአጎቴ የልጅ ልጅ ለሲራክ። ባሕር ማዶ ጤናህ እንዴት ነው? እኔም ቤቱም ሰፈሩም ደህና ነን፤ የመረረን የጎፋ ጭቃ ብቻ ነው፣ ዘንድሮ መስቀል አልፎም ዝናቡ አልወጣም አለ። የብሥራቱ ገብርኤል ባለህበት ይጠብቅህ፤ አሜን በል።

ባለፈው ደብዳቤህ «እትዬ፣ የዚህ አገር ምግብ አልቀመስ አለኝ፣ አፌ ሞተ» ብለህ ነበር። ሳቅሁም አዘንሁም። መርከበኛ ሆኜ ዓለምን ዞርኩ ስትል ከርመህ፣ ኮቤ ላይ ወርደህ፣ መጨረሻህ የቡና መጋዘን ሆነ? እኔ እዚህ ቡና ማበጠሪያ ቤት ብልሹውን ፍሬ እለቅማለሁ፣ አንተ እዚያ ትሸከማለህ። ከዘመድ ሁሉ እኔና አንተን ቡና ይዞን ቀረ።

አሁን ደስ የሚልህን ልንገርህ። ሰሞኑን የምንለቅመው ወደ እናንተ የሚጫን ነው። ጆንያው ላይ በጥቁር ቀለም ኮቤ ተብሎ በፈረንጅ ፊደል ተጽፎበታል፤ ከሥሩ ያለውንም ስም አንተ ከላክህልኝ የመጋዘን ስም ጋር አስተያየሁት፣ ያው ነው። ፖስታ ቤት በርበሬ አንቀበልም ብለው መልሰውኝ ነበር። ታዲያ ምን አደረግሁ መሰለህ? ከአሮጌ ሰማያዊ ሽርጤ ቆርጬ ትንሽ ከረጢት ሰፋሁ፤ በርበሬውን፣ ኮሰረቱን፣ ኮረሪማውን በላስቲክ ጠቅልዬ ሞላሁበት፤ በላዩም በነጭ ክር «ለሲራክ» ብዬ ጠለፍኩበት። ዲንሳ የሚባል የላፍቶ ሰው አለ፣ የጆንያውን አፍ የሚሰፋው እሱ ነው። ምሳውን ሊበላ ሲወጣ ገና ካልተሰፋው ጆንያ ውስጥ ክንዴን ነክሬ ቀበርኩት። ጆንያው ጥግ ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ። ዲንሳ ተመልሶ ሰፋው፤ የሚያውቀው ነገር የለም።

ደግሞ ልትቆጣኝ ትችላለህ። ቡና ሽታ እንደሚስብ ለኔ አይነገርም፤ ለዚሁ ሲባል እኮ በሥራ ቀን ፀጉራችንን ቅቤ እንኳ አንቀባም። ግን አንዲት ከረጢት ምን ታመጣለች? አንተ ብቻ ቀይ ክር ስታይ ቀድመህ ድረስበት፤ አለቀ።

በል እንግዲህ፣ ሽሮህን ስትሠራ አስበኝ።
እትዬህ ትሩፋት

ኮቤ
ታኅሣሥ 5 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ትሩፋት። ለጤናዎ ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ በአምላክ ቸርነት በአካል ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎ ከጆንያው በፊት ነው የደረሰኝ። ኧረ አይሆንም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ መርከቡ ከተነሣ መጻፌ ምን ይረባል ብዬ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኝ ነበር። ከአሰብ የመጣ መርከብ በገባ ቁጥር ዓይኔ ቀይ ክር ፍለጋ ይንከራተት ነበር።

ጭነቱ የገባ ዕለት ግን ሌላ ቦታ መድበውኝ ቆዩ። እዚህ ጆንያውን ሳይፈቱ በፊት ጎኑን በብረት ቱቦ ወግተው ናሙና ያወጣሉ፣ ያሸታሉ። ቱቦው የእርስዎን ከረጢት ወጋው። ስመለስ መጋዘኑ በሙሉ በርበሬ በርበሬ ይላል፤ ሠራተኛው ሁሉ ያስነጥሳል። አለቃዬ ሃማዳ ከረጢቱን በመዳፉ ይዞ ቆሟል። ሽማግሌ ነው፤ ከመርከብ ስወርድ ሥራ የሰጠኝ፣ ለመኖሪያ ፈቃዴም ዋስ ሆኖ የፈረመልኝ እሱ ነው። በሰው ሁሉ ፊት ጠራኝና «ይህ የአገርህ ፊደል ነው፤ ምን ይላል?» አለኝ።

«ለሲራክ» ነዋ የሚለው። አየሁት፣ አነበብኩት፣ አፌን ከፈትኩና «የቅመሙ ስም ነው» አልኩ።

ሃማዳ «ያንተ ነገር ይሆን ብዬ ጠርጥሬህ ነበር፤ ይቅርታህን» ብሎ ጎንበስ አለልኝ። እትዬ፣ ያ ሽማግሌ ለኔ ሲጎነበስ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ማየት አልቻልኩም፤ እሱ ደግሞ ያስቀየመኝ እየመሰለው ሻይ ያመጣልኛል።

ጭነቱ በሙሉ ወደ ጎን ተደርጓል። ለእናንተ መሥሪያ ቤት ቴሌክስ ተመትቷል። ከረጢቱ በቢሮው ካዝና ተቆልፎበታል፤ የነሱ አዲስ ዓመት ሲያልፍ ማስረጃ ተብሎ ወደ እናንተ ይላካል። ሽርጡን የሚያውቅ ሰው ካለ ከወዲሁ ያስቡበት።

ሲራክ

ንፋስ ስልክ
ታኅሣሥ 20 ቀን 1987 ዓ.ም.

ሲራክ ልጄ፣ ለሰላምታዬ ዛሬ ብዙ ቃል የለኝም፤ አምላክ ይጠብቅህ ብቻ ልበል።

ሽርጡን የሚያውቅ ሰው ካለ ትለኛለህ? ኧረ ሁሉም ያውቀዋል! ሰማያዊ ሽርጥ የምንለብሰው በኛ የለቀማ ገበታ የተቀመጥነው ብቻ ነን። «ለሲራክ» የሚለውን ያየ ደግሞ፣ ኮቤ ዘመድ አለኝ እያልኩ ስጎርርባቸው የከረምኩትን ያስታውሳል። የምላሴ ነገር!

ቴሌክሱ ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ አቶ ገሠሠ ሰበሰቡን። ጃፓኖቹ ጭነቱን አንቀበልም ብለዋል፣ በዚህ የማን እጅ አለበት አሉ። አንገቴን ደፍቼ ፍሬ ስለቅም ቆየሁ፤ እንዲያውም ከሁሉ በላይ «አቤት ጉድ!» ያልኩት እኔ ነኝ። ጣቱ የተቀሰረው ዲንሳ ላይ ነው። ጆንያውን የሰፋኸው አንተ፣ ሲሰፋ አጠገቡ የነበርከው አንተ፣ ሌላ ማን ይሆናል አሉት። ከሥራ ታግዷል።

የሚገርምህ ሰውየው አልተረበሸም። ግቢው በር ላይ አገኘሁትና «ከረጢቱ ይምጣ እንጂ ትሩፋት፣ መጥቶ ሰው ሁሉ ሲያየው የኔ አለመሆኑ ይታወቃል» አለኝ። እሱ ትምጣልኝ ብሎ ይጠብቃታል። እኔ እንዳትመጣብኝ እጸልያለሁ።

ትናንት የአመቱ ገብርኤል ነበር። ብሥራተ ገብርኤል ሄጄ ከሕዝቡ መሃል ተንበርክኬ ተሳልኩ። «ይህን ጉዴን ሸፍንልኝ እንጂ የሐር ጥላ አገባልሃለሁ» አልኩት። ስለ ዲንሳ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ ያኔም ግን ተመልሼ ለሱ አልተሳልኩለትም።

አንተ ቅርብ ነህ። እባክህ በሞቴ፣ ያቺን ከረጢት ከካዝናው አውጥተህ የትም ጣላት። ሁለተኛ ሌላ ነገር አልጠይቅህም። ሃያ ዓመት የለቀምኩበት ቤት ነው፤ ሌባ ተብዬ በሴቶቹ መሃል ልውጣ?

ትሩፋት

ንፋስ ስልክ
ጥር 11 ቀን 1987 ዓ.ም.

ሲራክ፣ አለህ?

መጋዘኑስ እንዴት ሆነ? ቢሮው ተርፏል ወይ?

ሬዲዮው ኮቤ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች፣ የሞተው ሰው ገና ተቆጥሮ አላለቀም ይላል። ቴሌ ሄጄ ደወልኩ፣ መስመር የለም አሉኝ። ወላዲተ አምላክ ትድረስልህ፤ እንደ ምንም ብለህ አንድ ቃል ጻፍ።

ትሩፋት

ኮቤ
የካቲት 3 ቀን 1987 ዓ.ም.

እትዬ ትሩፋት፣ ሰላም ለቤትዎ ይሁን።

አለሁ። የምጽፍልዎት ከአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጬ ነው፤ ቤት ያጣ ሰው ሁሉ እዚህ ነው የሚያድረው። መንቀጥቀጡ ጎህ ሳይቀድ ነበር የመጣው። ፎቁ ከነአልጋዬ ይዞኝ ወረደ። ጎረቤቶች ጎትተው አወጡኝ። ሰፈሩ ከዚያ በኋላ በእሳት ጋየ፤ ውኃ የለ፣ መንገድ የለ፣ ቆመን አየነው።

ሃማዳ ሞቷል። የቤቱ ጣሪያ ከባድ ሸክላ ነበር፣ ተኝቶ እያለ ወደቀበት። እኔና ሌሎች የመጋዘኑ ልጆች በእጃችን ቆፍረን አወጣነው። ባለቤቱ ተርፋለች።

የርስዎ ደብዳቤ የደረሰኝ ዋዜማውን ነው። እንዲጠፋ አድርግ ያሉኝን ላደርግ ነበር። ሃማዳ ጠዋት ቀድመህ ግባ ብሎ የቢሮውንና የካዝናውን ቁልፍ በእጄ ሰጥቶኝ ነበር፤ እሱ አምኖ የሰጠኝን ቁልፍ ይዤ ነው የተኛሁት። ሃማዳን ቆፍሬ ሳወጣው ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበረ።

የጥር 11ዱን ደብዳቤዎን ፖስተኛው አዳራሹ ድረስ አምጥቶልኝ አነበብኩ። «አለህ?» ይላል። ቀጥሎ «መጋዘኑስ?» ይላል። እትዬ፣ ሰው በሬሳ መሃል ሆኖ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አላሰቡበትም። እንግዲህ መጋዘኑን ከጠየቁኝ ልንገርዎ፤ የወደቡ መሬት እንደ አጥሚት ሆኖ ቀለጠ፣ የጭነት ማውጫ ክሬኖቹ የብረት እግራቸው ተሰበረ፣ መጋዘኑ ግማሹ ተቃጠለ ግማሹ ባሕር ገባ። ቢሮውም ካዝናውም ከባሕሩ ጋር ሄዷል። ከረጢትዎ አይመጣም። ይረፉ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ አንድ ቀን አሳድሬ ልቀደው አሰብኩ፤ ግን ይሂድ። ከፍርስራሹ ስወጣ እኔም ያቺን ከረጢት አስቤያለሁ። ሃማዳን ቆፍረን ስናወጣም ውስጤ አንድ ነገር «እንግዲህ አያውቅም» ብሏል። ስለዚህ በርስዎ ላይ የምፈርድበት አፍ የለኝም።

መርከቦቹ ወደ ሌላ ወደብ ዞረዋል። ከአሰብ የተነሣው የት እንደሚራገፍ የሚያውቅ የለም፤ ነጋዴዎቹ የአገራችንን ቡና ግዢ ለጊዜው አቁመውታል። ወደቡ ቶሎ አይከፈትም። ይህ እናንተ ዘንድ መድረሱ አይቀርም፤ ይዘጋጁ።

ሲራክ

ንፋስ ስልክ
መጋቢት 14 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲራክ። ከሞት ያወጣህ ጌታ ስሙ ይክበር። ለሃማዳም ነፍስ ይማር፤ ቋንቋውን ባላውቅም ስሙን በጸሎቴ አነሣዋለሁ። ባለቤቱን እግዚአብሔር ያጽናት።

መልሱን ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ እንዳይመስልህ። እየጀመርኩ ስቀድ ነው የከረምኩት። ካልጻፍኩት ግን ይገድለኛል፤ ያ ሬዲዮ ኮቤ ፈረሰች ሲል ከአፌ የወጣው ቃል «ተመስገን» ነው። አፈር ልሁን! ጎረቤቴ በቀለች አጠገቤ ነበረች። «ምኑ ነው ተመስገን?» ብላ አየችኝ። አንተን ያስታወስኩህ ከዚያ በኋላ ነው። ይኸው ነገርኩህ፤ ከፈለግህ ሁለተኛ አትጻፍልኝ።

ስለቴን ላስገባ ጥላውን ገዝቼ ሄጄ ነበር። ዲያቆኑ «እሰይ፣ ስለትሽ ሰመረ? ምን ብለን ለሕዝቡ እንናገርልሽ?» አለኝ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ተዘጋጅተው ፊቴን ያያሉ። ምን ይበል? አገር ፈርሶልኛል፣ እልል በሉልኝ ይበል? ጥላውን ይዤ ተመለስኩ።

ያልከውም ደረሰ። ቡናው አሰብ ደርሶ መርከብ አጥቶ ተከማችቷል፣ እኛም ዘንድ ጆንያው ጣሪያ ነክቷል። ገዢ ከሌለ ለቀማ ምን ያደርጋል? በየገበታው ሴቶቹን ወደ ቤት ላኳቸው። «የጃፓን መሬት ተንቀጥቅጦ የኔን ጉሮሮ ዘጋው?» እያሉ እየሳቁ የወጡ አሉ፣ እያለቀሱ የወጡ አሉ። የኛን ገበታ አስቀሩት፤ ትሩፋት ታማኝ ናት ተብሎ። መጀመሪያ የተሰናበተው ዲንሳ ነው። ማስረጃው ቢጠፋም ጥርጣሬው አለ፣ ሰው መቀነስ ካለብን ከሱ እንጀምር ተባለ። ያ ምስኪን ነጻ ያወጣኛል ያላት ከረጢት ባሕር ገባች፣ እሱም አብሯት ገባ።

ከላፍቶ በእግሩ ቤቴ መጣ። «ትሩፋት እህቴ፣ አንቺ መናገር ታውቂያለሽ፣ አቶ ገሠሠም ይሰሙሻል። ገብተሽ ለምኚልኝ አልልሽም። ዲንሳ ንጹሕ ነው ብለሽ በገብርኤል ማይልኝ» አለኝ። ከሰው ሁሉ እኔን መርጦ! ሲወጣ የግቢውን በር እንኳ መዝጋት አቃተኝ።

በማግሥቱ አቶ ገሠሠ ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሽርጡን፣ በርበሬውን፣ ቀዩን ክር፣ ያንተን ስም፣ ዝም ብዬ መክረሜን። ሰውየው እስከ መጨረሻ ሰሙኝና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ትሩፋት፣ ለሰው ብለሽ ራስሽን እንዲህ ታዋርጃለሽ? በዚህ ዘመን እንዳንቺ ያለ አለ?» አሉኝ። ማልኩ። «ተይ፣ ለሰው ስትይ በሐሰት አትማይ» ብለው አፌን ዘጉኝ። ከረጢት የለ፣ ጆንያ የለ፣ የሚመሰክር ሰው የለ፤ ምን ላሳያቸው? ይባስ ብለው የቀሩትን ሴቶች ጠርተው ደግነቴን ተናገሩ። እየመጡ ሳሙኝ። ለዲንሳ ግን ያው ነው፤ «አንቺ ሆደ ቡቡ ስለሆንሽ እሱ ንጹሕ አይሆንም» አሉ።

ወሬው ላፍቶ ደረሰ። ዲንሳና ሚስቱ ጤናዬ ከማሳቸው ያገኙትን ምስር በቁና ይዘው መጡ። ጤናዬ ጉልበቴን ሳመችኝ። «ኧረ እኔ ነኝ! እውነቴን ነው፣ እኔ ነኝ!» አልኳቸው። ዲንሳ «አውቀናል እህቴ፣ አውቀናል» እያለ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እሱ እኮ የሚያጽናናኝ እኔን ነው!

ገብርኤል ሸፍንልኝ ያልኩትን ሸፈነው። አሁን ልገልጠው ብል የሚያይልኝ ጠፋ። ያየኸው አንተ ብቻ ነህ ሲራክ። ጻፍልኝ። ይህ ላንተ ምን እንደሚያመጣብህ አውቃለሁ፤ ፈቃድህንም ሥራህንም ልታጣ ትችላለህ። አውቄ ነው የምለምንህ፤ ለዚህም ፊት የለኝም።

ትሩፋት

ኮቤ
ሚያዝያ 9 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለእትዬ ትሩፋት። ለመጪው ትንሣኤ በሰላም ያድርስዎ፤ ዲንሳንና ቤተሰቡንም እንዲሁ።

ደብዳቤዎን ይዤ ብዙ ተመላለስኩ። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም፤ እዚህ የፈረሰው ነገር ሁሉንም ሸፍኗል። በመጨረሻ መጀመሪያ የሄድኩት የሃማዳ ባለቤት ዘንድ ነው። ከእህቷ ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ናት፣ የሱ ፎቶግራፍ ፊት አበባ አድርጋለች። የዚያን ቀን የጠየቀኝን፣ የመለስኩለትን ነገርኳት። ከዚያ «ስለጠረጠረህ አፍሮ ነበር፤ ማታ ማታ ያነሣው ነበር» አለችኝ። ስወጣ በሩን በቀስታ ዘጋችው።

ቀጥዬ በሃማዳ ቦታ ለተተካው አዲስ አለቃ ተናገርኩ። እቃው ሁሉ ጠፍቶ ዛሬ ይህን ማንሣት ምን ይጠቅማል አለኝ። አንድ ሰው በዚህ ነገር ምክንያት ከሥራ ወጥቷል አልኩት። ቃሌን በእንግሊዝኛ አስጽፎ የድርጅቱን ማኅተም አተመበት፤ ከሥሩ እኔ በአማርኛ ደግሜዋለሁ። ለፈቃዴ ግን ዋስ አልሆንም ብሏል፤ ሐቅ አለው። ወደ መርከብ መመለሴ ነው፣ አድራሻ ሲኖረኝ እጽፋለሁ።

ወረቀቱ በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። ለአቶ ገሠሠ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ። ላፍቶ ይሂዱና ለዲንሳ በእጁ ይስጡት። በሰው እንዳይልኩት፣ በር ላይም ጥለውት እንዳይመለሱ። ይቀመጡ ቢሉዎ አይቀመጡ፤ አንብቦ እስኪጨርስ፣ ለጤናዬም እስኪነግራት ድረስ ፊታቸው ይቁሙ። የሚሉዎትን ይበሉዎ።

ምስሩ ካለ ይዘውላቸው ይሂዱ። በልተውት ከሆነም መብላትዎን ይንገሯቸው።

ሲራክ